የፒክአፑ ቂርጭ ቂርጭታ

ጋሽ ወርዶፋ ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል፤ እሳቸው ሲነዱት ጭጭ የሚለው ፒክአፕ፣ ሴት ልጃቸው መሪ ስትጨብጥ አቀበቱ ላይ ቂርጭ ቂርጭ ይላል።

«ካምቢዮውን ፈጨችው! ብቻዋንማ ሽንኩርቴን ገበያ አታደርስልኝም!»

የተጠራው መካኒክ ከመኪናው ሥር ገብቶ የዘንጉን መጋጠሚያ፣ ክሮቼራውን፣ ነቀነቀ፤ ዲፍረንሻሉን ፈትቶ ገጠመ። ምንም የለም። «እስቲ ከነጭነቱ እንሞክረው» ብሎ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ፤ ጎንበስ ብሎ የረጅም ካቻቢቴውን ጫፍ ወለሉ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጥ ጀመር። ልጅቷ ነዳች። ጋሽ ወርዶፋ ከጎኗ ሆነው የበሩን እጀታ ጨምድደው ያዙ።

አቀበቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከፊት ብቅ አለ። ቂርጭ ቂርጭ!

«ይኸው! ሰማህ?» አሉ። ድምፁ ቆመ። አፋቸውን ሲገጥሙ እንደገና ጀመረ።

መካኒኩ ካቻቢቴውን ጎኑ አስቀመጠ። «እህቴ፣ አቁሚው እስቲ። ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ይውረዱልን።»

ወረዱ። ፒክአፑ ሽንኩርቱን እንደተሸከመ ኩርባውን ዞሮ ተሰወረ። ጋሽ ወርዶፋ መንገድ ዳር ቆመው ጆሯቸውን ቀሰሩ። ቂርጭ ቂርጩ አሁንም አለ። ግራ ገብቷቸው የገዛ መንጋጋቸውን በእጃቸው ያዝ ቢያደርጉት፣ ጸጥ አለ።