የማያባብለው አልጋ

«ይሄኛው ሕፃኑ ሊያለቅስ ሲል ቀድሞ ያውቅና ያባብለዋል» አላት የሕፃናት አልጋ ሻጩ። «እሱ ከመጣ ወዲህ የልጅ ለቅሶ የሚባል ነገር ከከተማው ጠፍቶ የለ እንዴ፣ እህቴ!»

ስንዱ አላጣችውም፤ የመውለጃዋ ወር ገብቷል፣ የበኩር ልጇን ያሳደገችውም በዚያው ዓይነት አልጋ ነው። በቀደም ልጁ ወድቆ ጉልበቱ ሲደማ እጇን ዘርግታ ብትጠብቀው፣ በአጠገቧ አልፎ አሮጌ አልጋው ውስጥ ገብቶ ጥቅልል አለ።

ጥግ ላይ ወደቆመው ተራ የእንጨት አልጋ ዞረች። ፍራሹን በመዳፏ ጫን አደረገችው፤ ጠንካራ ነው። ከእሷ አልጋ ጋር የሚታሰረውን ጎኑን ነቀነቀችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«ይሄን ስጠኝ።»

«ኧረ ይሄ ምንም አይሠራም!»

«እኔ እሠራለሁ» አለችው።

ከወለደች በኋላ አንድ ቀን ሕፃኗ አጠገቧ ተኝታ እሪ አለች። ልጁ ደንግጦ እየሮጠ መጣ።

«እማዬ፣ አልጋው ተበላሸ?»

«አልተበላሸም። እየጠራችኝ ነው» አለችና ሕፃኗን አንሥታ አቀፈቻት።

ልጁ አፉን ከፍቶ ሲያያቸው ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሳሎን ወጣ፤ በሩንም ዘጋ።

«እማዬ!» ብሎ ጮኸ፣ ባለ በሌለ ድምፁ።

ስንዱ ሕፃኗን እንዳቀፈች ሮጠች።