ዜማው ምን ይላል?

ጣቴ ከቀዳዳው ላይ ይንሸራተትና የቆርቆሮ ዋሽንቱ ያፏጭብኛል። ቀና ስል አባቴ የትምህርት ክፍላችን በር ላይ ቆሟል። በገበያ ቀን የእህል መደብሩን ዘግቶ ነው የመጣው፤ በደህና አይደለም።

"ሰኪና የነገረችኝ ይኸ ነው?" ይላል።

ሰኪና ጎረቤታችን ናት፤ ሰው ቢያስነጥሰው እንኳ ምክንያቱን ታጣራለች። ጓሮ ስለማመድ ሰምታ "ልጅህን የሚሲዮን መዝሙር እያስተማሯት ነው" ብላዋለች።

"መዝሙር አይደለም አባ። የአሜሪካኖች የድሮ ዘፈን ነው።"

"ማን አለ?"

"እሷ።" ከፒስ ኮር የመጣችውን አስተማሪዬን ሚስ ኖራን አሳየዋለሁ። ፈገግ ትልለታለች። እሱ ግን ጭራሽ ይጠረጥራታል።

"እሷማ ምን ትበል! ማል ጄዳ? ምን እንደሚል ትንገረኛ! የነሱ ሃይማኖት ካለበት ከዛሬ ጀምሮ ትምህርት የሚባል ነገር የለም።"

ግጥሙን እኔም አላውቀው። የተማርኩት ጣት ማንሳትና መጣል ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ እጠይቃታለሁ። ደስ ብሏት ታስረዳኛለች፦ አንዲት ልጅ የወደደችውን ተከትላ ወንዝ ተሻገረች፤ አባቷ ዳር ቆሞ ቢጠራት ዞራም አላየችው።

ክው እላለሁ። መዝሙር ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"እህ?" ይላል አባቴ።

"ስለ አንድ ሰው በቅሎ ነው" እላለሁ። "ወንዝ ወሰዳት።"

"በቅሎ?" ሳቅ ያመልጠዋል። "ይሄን ሁሉ የሚያላዝኑት ለበቅሎ ነው?" ወዲያው ደግሞ ሳቁን ይተወዋል። ነጋዴ ነው፤ ዕቃ ረክሶ ካገኘው አገላብጦ ያያል። "ባለቤቱስ?"

"ዳር ቆሞ ይጠራታል።"

"እሷስ?"

"አትመለስም።" ድምፄ ይሰበራል። ያሳዘነኝ ዳር የቆመው ሰውዬ ነው።

አባቴ እኔን ያያል፤ ሚስ ኖራን ያያል፤ እንደገና እኔን። ቁጣው የት እንደሄደ እንጃ።

"ኢንታላ ኮ፣ ልጄ" ይለኛል ቀስ ብሎ። "እስቲ ወላሂ በይ።"

በቤታችን ከወላሂ በኋላ ጥያቄ የለም። አባቴ ከበቆጂ ገበሬዎች ስንቱን ኩንታል ስንዴ የተረከበው በዚህች ቃል ብቻ ነው። በሐሰት የማላት ሰው ደጃችንን አይረግጥም።

ሚስ ኖራ የተስማማን መስሏታል። "እንደገና!" ትላለች በአማርኛ፣ እያጨበጨበች።

አባቴ አፍ አፌን እያየ ይጠብቃል። አፌ ባዶ እንዳይሆን ዋሽንቱን ከንፈሬ ላይ አደርገዋለሁ።