የጋሽ ቱሉ ትራክተር ጤንነት

በአዲሱ ሕግ የአንድ ሞዴል ትራክተሮች ሁሉ እስኪሞቱ ድረስ መለዋወጫቸውን መጣል ክልክል ነው። የመለዋወጫ ሱቄ ስለሞላ እኔና ባለቤቴ የትራክተር ካምቢዮ መሃላችን አስተኝተን ነው የምናድረው። ካምቢዮው ከሚገጥምለት ሞዴል በሕይወት የቀረው በቆጂ ያለው የጋሽ ቱሉ ትራክተር ብቻ ነው። ትራክተሩ እስኪሞትልኝ በየማለዳው እደውላለሁ።

"ጋሽ ቱሉ፣ ትራክተርዎ እንዴት አደረ?"

"ትንሽ ያስለዋል እንጂ ደህና ነው።"

"ተመስገን" እላለሁና ስልኩን እዘጋለሁ።

ዛሬ ግን እሳቸው ቀድመው ደወሉ።

"ልጄ፣ እርሻ በቃኝ። የገዛ ልጆቼ አንድ ቀን እንኳ ጤናውን ጠይቀውት አያውቁም። እንዳንተ የሚወደው ስለሌለ ላንተ ሰጥቼዋለሁ። በርህን ክፈት።"

ከደጅ ክላክስ ተሰማ።

ባለቤቴ ካምቢዮውን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጋ፣ "ይሄኛውስ በየት በኩል ይተኛል?" አለችኝ።