የግድግዳው ሀብታም

ጣቶቼ በቀይ አፈር እንደተነከሩ ነበር ግራዝማች ኃይለመለኮት የጸሎት ቤታችንን በር ጎንበስ ብለው የገቡት። አላንኳኩም። መሬቱ የእሳቸው፣ እኛም የእሳቸው ጭሰኞች፤ ምን ብለው ያንኳኳሉ? ባፈና የሚባለው አሽከራቸው ውጭ ቀረ። ክብሪት በእጁ ይዞ የሳር ክዳኑን ቀና ብሎ ሲያይ አየሁትና ክው አልኩ። ከወንዙ ማዶ የነበረውን ጸሎት ቤት በበጋ ያነደደው ይኸው ሰው ነው። የዚያን ጸሎት ቤት ወንጌላዊ የፊጥኝ አስረው ሆሳዕና ከተማ ወሰዱት፤ እስካሁን አልተመለሰም።

«እዚህ ግድግዳ ላይ ተስለዋል አሉኝ» አሉ ግራዝማች። «እስቲ ራሴን ልየው ብዬ መጣሁ።»

የእኛ ወንጌላዊ፣ ጴጥሮስ፣ እንዲቀመጡ ዱካ አቀረበላቸው። ሳዪልን ብሎ የለመነኝ እሱ ነው። ምእመኑ ማንበብ አይችል፣ አማርኛውም እንደ ነገሩ ነው። «ገነቴ፣ ለያሆዴ ቤትሽን እንደምታሳምሪው አድርገሽ ቃሉን ግድግዳው ላይ አስቀምጪልን» አለኝ። በእኛ በሀዲያ አገር ሴት ለያሆዴ፣ ለዘመን መለወጫ በዓላችን፣ የቤቷን ግድግዳ በቀይ አፈር፣ በነጭ አፈርና በከሰል ትቀባለች። በዚህ ደግሞ እኔን የሚያህለኝ የለም፤ መኩራራት ከሆነ ይሁን። የሀብታሙንና የአልዓዛርን ታሪክ መረጥኩ።

ግን ሀብታም ስል ሌላ ማንን አይቼ አውቃለሁ? ሀብታም ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ካባ የለበሰ፣ ጺሙ ለሁለት የተከፈለ፣ በቅሎው ደጅ የቆመችለት ሰው ነው። ጣቴ የሚያውቀውን ሳለ። ስጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ባየው፣ ጉድ! ግራዝማች ገበታቸው ላይ ቁጭ ብለዋል። ላጠፋው ስል ሰው ሁሉ አይቶታል።

«ማነው ይሄ?» አሉ ጺማቸውን እየዳበሱ።

«የወንጌሉ ሀብታም ነው፣ ጌታዬ» አለ ጴጥሮስ።

«ስሙስ?»

«ስሙ አልተጻፈም።»

«ደጁ ላይ የወደቀው፣ ውሾቹ የሚልሱት?»

«እሱ አልዓዛር ይባላል።»

ግራዝማች ሳቁ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «የለማኙ ስም ተጽፎ የጌታው አልተጻፈም? እንዴት ያለ መጽሐፍ ነው እናንተ የምታነቡት?»

«በእርስዎ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበው ራሱ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ጴጥሮስ ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

ግራዝማች ከስዕሉ በታች ያለውን ያልተቀባ ቦታ በያዙት ጭራ ጠቆሙ። «እዚህስ ምን ይመጣል?»

«ገና አልተሳለም፣ ጌታዬ» አለ ጴጥሮስ።

«ሳዪው። ቁጭ ብዬ አያለሁ። ካልወደድኩት ባፈና ሥራውን ያውቃል።»

ጴጥሮስ አፈሩን የሚያቀብለኝ መስሎ ጠጋ አለኝ። «ዛፍ ሳዪ» አለኝ በሀዲይኛ፣ በሹክሹክታ። «ወንዝ ሳዪ። ገነቴ፣ ልጆቼን አስቢልኝ።» ይህ ሰው ነው እሁድ እሁድ ቃሉን አትሸቃቅጡ እያለ የሚጮህብን። ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በላው።

ዛፍ መሳል ምን ያቅተኛል? ግን እኔ ያመንኩት በዚህ ታሪክ ነው። የመጀመሪያ ልጄን በችጋር ዘመን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልዬ ቀበርኩት። አልዓዛርን መላእክት ተሸክመው ወሰዱት ሲሉኝ ነው ተንበርክኬ ያለቀስኩት፣ እሺ ያልኩት። አሁን መጨረሻውን ዛፍ ካደረግሁት ልጄ የት ሊገባ ነው?

ቀዩን አፈር በሁለት እጄ ዘገንኩ። እሳቱን ሳልኩት። እሳቱ መሐል ሀብታሙን፣ ያንኑ ጺም ያንኑ ካባ፣ ምላሱን አውጥቶ። ከላይ አልዓዛርን በነጭ አፈር በአብርሃም እቅፍ ውስጥ አስቀመጥኩት። በመካከላቸው ገደሉን በከሰል አጠቆርኩት።

ግራዝማች ከዱካው ወደ ስዕሉ ጎንበስ አሉ። ከውጭ የበቅሏቸው ልጓም ሲንቃጨል ይሰማል።

«ምላሱ ምን ሆኖ ነው?»

«ጠምቶት ነው፣ ጌታዬ» አልኩ። «አልዓዛር የጣቱን ጫፍ በውሃ ነክሮ እንዲያቀምሰው እየለመነ ነው።»

«ሰጠው?» ብለው ወደ ጴጥሮስ ዞሩ።

ጴጥሮስ ይዋሻል ብዬ ፈራሁ። የዋሸ እንደሆነም አልፈርድበትም ነበር።

«አልሰጠውም» አለ። «ገደሉ አያሻግርም።»

የግራዝማች ግንባር በላብ ረጥቧል። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው። «አንቺ፣ ስዕሉ ላይ ውሃ ጨምሪለት» አሉኝ። ድምፃቸው የጌታ ድምፅ አልነበረም፤ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር።

አሳዘኑኝ። እኒህ ሰውዬ ያሳዝኑኛል ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅ።

«እዚያ ውሃ የለም፣ ጌታዬ» አልኩና በቀይ ጣቴ የላይኛውን ስዕል፣ ገበታውንና ደጁን አሳየኋቸው። «ውሃ ያለው እዚህ ነው። እዚህ ላይ ሀብታሙ ገና አልሞተም።»

«ጌታዬ!» ብሎ ተጣራ ባፈና ከውጭ። «ነፋሱ እየተነሳ ነው። ይውጡና ልለኩሰው!»

ክብሪት ሲጫር ሰማን። ጴጥሮስ በሩን ይዞ «ይውጡ ጌታዬ፣ ይውጡ» ይላል። ግራዝማች ግን ከዱካው አልተነሱም፤ ግድግዳው ላይ፣ በሀብታሙ ደጅ የወደቀውን ሰው ያያሉ።