የሆድ ቀበቶው

ቅዳሜ ጠዋት ንዋይ የሚስቱን የፓራሹት ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርዶ አልጋው ላይ አስቀመጠላት። ውብነሽ እስክታረግዝ ድረስ፣ በየበጋው ከአውሮፕላን ስትዘል እሱ መሬት ላይ ቆሞ ሲጸልይ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ግን በሚኖሩበት ለንደን፣ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያው ዳር ካለው የሕዝብ ስልክ ወደ መዝለያው ሜዳ ራሱ ደውሎ፣ አየሩን ቼክ አድርጎ መጣ። ጽንሱ በአምስት ወሩ ከወረደ ወዲህ ሚስቱ ከቤት ወጥታ አታውቅም።

"ሰማዩ ጥርት ብሏል አሉኝ" አላት። "ባይሆን ያቺን ፈጣኗን፣ ትንሿን ፓራሹት ተዪና ትልቋን ያዢ። እሷ ቀስ አድርጋ ነው የምታወርድሽ።"

"ለትንሿማ ጉልበቱም የለኝ" አለች።

ላለማስቀየም ብላ ተነሳች። የትልቋን ፓራሹት ማንገቻዎች ከሻንጣው አውጥታ በትከሻዋ አጠለቀች፤ የጭኖቿን ማሰሪያ ሳበች፤ የደረቷን ቆለፈች። የቀረው የሆድ ቀበቶው ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የለካችው በአራተኛ ወሯ ነው፤ ለመዝለል ሳይሆን ለጨዋታ። ያኔ ቀበቶው አልደርስ ብሎ፣ ንዋይ በሁለት እጁ እየጎተተ፣ አልጋው ላይ እስኪወድቁ ስቀው ነበር።

አሁን አዞረችው። ያለ ምንም ትግል፣ ድሮ በሚቆለፍበት ቦታ ተቆለፈ።

"ምነው፣ ጠበቀሽ እንዴ?" አለ ንዋይ፣ ፊቷ ሲለዋወጥ አይቶ።

"አልጠበቀኝም" አለች። "ንዋይዬ፣ ልክ ነው። እንደ ድሮው ልክ ነው።"

እስከዚያች ቀን ያላለቀሰችው ልቅሶ ያን ጊዜ መጣ። ንዋይ ሊፈታላት በጉልበቱ ተንበረከከ። እጁ ግን ዘለበቱ ላይ ቀረ፤ ግንባሩን ሆዷ ላይ አስደግፎ እሱም አለቀሰ።