ጢማሟ ሙሽራ

በጥንቷ ግሪክ፣ በአርጎስ ከተማ፣ ሙሽራ የሠርጓን ዕለት ጢም ለጥፋ ባሏ ዘንድ መግባት አለባት። ደንቡ ነው፤ ለምን እንደሆነ የሚያስታውስ ግን የለም።

በሃያ አምስት ዓመቷ የተዳረችው ሙሽራ፣ አክስቶቿ ከበው የፍየል ጠጉር በሰም አገጯ ላይ ሲለጥፉላት በሳቅ ልትሞት ደረሰች።

"አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ተቀመጪ! ይንጋደድብሻል!" አሏት ታላቋ አክስቷ፣ እሳቸውም እንባቸው እስኪፈስ እየሳቁ።

የጨነቃት የባሏ ነገር ነው። የጦር አለቃ ነው፤ ሸንጎ ላይ ያንን ጥቁር ጢሙን አንዴ ዳበስ ካደረገ ሽማግሌው ሁሉ ጸጥ ይላል። "እሱ ፊት ሳቄ ቢያመልጠኝ ምን ይውጠኛል?" እያለች ወደ ጫጉላው ክፍል ገባች።

አየችው፤ አያት። ሁለት ጢማሞች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ተፋጠጡ። ቀድሞ በሳቅ የፈነዳው እሱ ነው። እሷም ተከተለችው፤ ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ።

"ለመሆኑ የማንኛችን ጢም ያምራል?" አለችና ደፈር ብላ የእሱን ሳብ አደረገችው።

እጇ ላይ ቀረ። ያው የፍየል ጠጉር፣ ያው ሰም። አገጩ እንደ እሷው ልስልስ ነው፤ አንዲት ጠጉር እንኳ በቅላበት አታውቅም።

ሳቁ ቀጥ አለ። የጦር አለቃው በሁለት እጁ አገጩን ሸፈነ።

"አንቺስ ነገ ታወልቂዋለሽ" አላት ቀስ ብሎ።

ሙሽራዋ ሰሙን በጣቶቿ መሀል አሸት አሸት አድርጋ አሞቀችው። ከዚያ እጁን ከፊቱ ላይ አነሳችና ጠጋ አለችው።

"አንተ ልጅ፣ አርፈህ ተቀመጥ! ይንጋደድብሃል።"