ሁለት ጊዜ የወጣ እጅ

«ትርፍ እጅ አለ!» አሉ ዳይሬክተሩ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የተሰበሰቡትን ወላጆች እየቃኙ። «ለሂሳብና ለሙዚቃ የወጣው እጅ ሲደመር ከሰዉ በለጠ። ሁለቴ ያወጣ ማነው?»

ከወላጆቹ አንዱ፣ ሹፌሩ፣ የሴት ልጁ ዴስክ ውስጥ እንደተሸጎጠ አንገቱን ደፋ። ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎት መተላለፊያውን ዘግቷል።

ጠዋት ሚስቱ አስጠንቅቃው ነበር። «የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ለሂሳብ ይሰጥ ሲሉ እጅህን አውጣ፤ ልጅቷ በሂሳብ ወድቃለች። ደሞ አደራህን፣ እንደ ልማድህ የተናገረውን ሁሉ ልክ ነው እንዳትል!»

እሱም ቆርጦ ነበር የመጣው። አንዱ ነጋዴ ተነስቶ «ሂሳብ ያልቻለን ልጅ ነገ ማን ይቀጥረዋል?» ሲል፣ ልክ ነው ብሎ እጁን አወጣ። ለሙዚቃ ሲባል ግን ልጁ ትዝ አለችው። ስትናገር ምላሷ ይያዛል፤ ስሟን ለመናገር እንኳ ታምጣለች። ስትዘፍን ቃሉ ሁሉ ይታዘዛታል። እጁ ሳያስፈቅደው ወጣ። ይሄም ልክ ነው! ሁለቱም ልክ ከሆኑ ሰው ምን ያድርግ?

«እሳቸው ናቸው!» ብለው ከኋላው ያሉ ሴትዮ ጠቆሙበት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«አንዱን ይምረጡ እንጂ፣ አባት» አሉ ዳይሬክተሩ። «የሌላው እኩል ለእኩል ነው። የሚለየው የእርስዎ ድምፅ ነው።»

ሲነሳ ዴስኩም አብሮት ሊነሳ ቃጣው። የሚስቱ ፊት ድቅን አለበት፣ ወዲያው ደግሞ የልጁ። «እኔ... ሂ... ሙ... ሂ...» ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተከራክሮ የሚረታው ሰውዬ ምላሱ ተሳሰረ። ሳቁ ቆመ። ሁሉም አፉን አፉን ያየዋል። ልጄ እዚህ ቦታ በየቀኑ እንዲህ ነው የምትሆነው? ብሎ ደነገጠ።

ጥግ ላይ የተቀመጠችው የሙዚቃ አስተማሪ ቃሉን ልጨርስልህ ብላ አልቀደመችውም። የትኛውን ሊል እንደሆነ እሷም አታውቅም። ጠረጴዛውን ብቻ በጣቷ ቀስ ብላ መታ መታ ታደርግ ጀመር።

ምቱን ያውቀዋል። ልጁ ራት ላይ፣ ልትናገር ስትል፣ ገበታውን እንዲሁ ትመታለች። እሱ ሁልጊዜ «ተይ እንጂ፣ አትረብሺ!» ይላታል።

ቤት ሲገባ ሚስቱን ምን እንደሚላት አሁንም አያውቅም። ጣቱ ግን የልጁን ዴስክ መምታት ጀምሯል።

«ሙ... ዚ... ቃ» አለ፣ ለአንዱ ምት አንድ ፊደል እያደረገ።